ለማዶ የተሰቀለ ፋኖስ

ፋኖስ እፍ ተብሎ ሲጠፋ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ቀይ ሆኖ ይቆይና ቀጭን ጭስ ይለቃል፤ ጭሱ የላምባና የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ አለው። አሁን በምኖርበት ቤት ፋኖስ የለም፤ ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር ከጎረቤት አንዱ ኩራዝ ያበራል፣ መብራቱ ሲመለስ እፍ ይለዋል፣ ሽታውም በመስኮት ገብቶ ከያዝኩት ሥራ ያናጥበኛል። ያን ጊዜ ወደ ሞያሌ ጓሯችን እመለሳለሁ፤ እናቴን ከጠፋው ፋኖስ አጠገብ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አያታለሁ። የልጅነት ሽታ ሲመለስ ሰው ደስ ይለዋል ሲባል እሰማለሁ። ይህኛው ሲመለስ ግን እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ቤታችን በኬንያው ሞያሌ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ፊቱን ለመንገዱ ጀርባውን ለኢትዮጵያ ሰጥቶ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። ከጓሯችን አጥር በታች መሬቱ ቁልቁል ይወርድና፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚቀርበትን ወንዝ አልፎ እንደገና ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ ማዶ ሌላው ሞያሌ ይጀምር ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ሌላው ቀርቶ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ቀለም ከእኛ ጓሮ ይለይ ነበር። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ደወሉም ይሰማል፤ እናቴ ደወሉን ስትሰማ የያዘችውን ትታ ወደ ጓሮ ትወጣና ፊቷን ወደዚያ አዙራ ታማትብ ነበር። በእኛ በኩል የእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። እኛ ልጆች «ማዶ» ስንል ሌላ አገር ማለታችን አልነበረም፤ እታለም ያለችበት ቦታ ማለታችን ነበር።

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። እናታቸው ቀድማ ስለ ሞተች እናቴን አጥባ፣ አበጥራ፣ ድራ ለወግ ያበቃቻት እሷ ናት፤ ስሟ ዘነበች ቢሆንም እናቴ «እታለም» ስለምትላት እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳዊትም ከእናታችን አፍ ተቀብለን እታለም እንላት ነበር። አባቴ በማዶው ጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። ከለውጡ በኋላ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰባዎቹ አጋማሽ ግድም፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ስሙ በክፉ መነሳቱን ሰማና፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ገበያ እንደሚሄድ ሰው እኔን በእጁ ይዞ፣ እናቴ ዳዊትን አዝላ፣ ወንዙን ተሻገርን። እታለም አብራን አልመጣችም። ዳሌዋን ያማት ስለ ነበር ቁልቁለት አይሆንላትም፤ ደግሞም ቤቱ ባዶ ከሆነ መሸሻችን ወዲያው ይታወቃል፣ ሰው ካለበት ግን «ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነው» ማለት ይቻል ነበር። «ሂዱ፣ እኔን አሮጊቷን ማን ምን ያደርገኛል» አለች። ያን ጊዜ አሮጊት አልነበረችም።

እናቴ ይህን ቃል አምና ሄደች፣ ከዚያ በኋላ ግን ማመኗን ለራሷ ይቅር አላለችም። አባቴ ወደ ሶሎሎና ከዚያም ወደ ደቡብ የሚሄዱ ሎሪዎችን ጭነት እያስተካከለ የሚያስጭንበት ሥራ አግኝቶ ስለ ነበር ቤታችን ብዙ አልጎደለበትም፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም የታሸገ ፍራፍሬ ይዞ ይገባ ነበር። ደህና ነገር በገባ ቁጥር ግን ሁላችንም ለአፍታ ዝም የምንልበት ልማድ ነበረን። ማንም አላስተማረንም። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ እናቴ የጓሮውን በር ትመለከታለች፣ አባቴ ጫማውን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሻይ የሚፈላው። ዳዊት ገና ትንሽ ሳለ ይህን ዝምታ ጸሎት ይመስለው ነበር፤ ሰው ቤት ሄደን ስኳር ሲቀርብ አንገቱን ደፍቶ ጠብቆ አሳፍሮናል።

ለእኛ የተዘጋው ወንዝ ለእትዬ ቃባሌ ክፍት ነበር። እትዬ ቃባሌ ወተት የምትሸጥ የቦረና ሴት ስትሆን፣ ዘመዶቿ በሁለቱም በኩል ስለ ነበሩ፣ ላሞቿ በሚወርዱበት መንገድ ወርዳ በዚያው ስትወጣ ማንም «ወዴት ነሽ» አይላትም ነበር። መልእክት የምታደርሰው እንደ ወገኖቿ ደንብ ነው፤ የተባለችውን ሳትቀንስ ሳትጨምር በቃሏ ይዛ ትመጣለች፣ በትሯን ተደግፋ ቆማ ታደርሳለች፣ አድርሳ ሳትጨርስ አትቀመጥም፣ ውኃም አትቀበልም። የራሷ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ትላለች። «እህትሽ ደህና ነው፤ ዳሌው ብቻ ያመዋል» ስትል እኔና ዳዊት ሳቃችንን ለመዋጥ አፋችንን እንይዝ ነበር። እናቴ አትስቅም፤ «ደህና ነው» የሚለውን ብቻ ነበር የምትሰማው።

ትንሹ ዝናብ በኅዳር ሲያባራ ኮረብታው ይለመልማል፣ ላሞቹ ይጠግባሉ፣ ወተት እንደዚያ ጊዜ የሚበዛበት ወቅት አልነበረም፤ የገና ጾም የሚገባውም ልክ ያን ጊዜ ነበር። እትዬ ቃባሌ ይህን ነገር በየዓመቱ እንደ አዲስ ትገረምበት ነበር።

«አምላክሽ ወተት ሲሞላ ነው ‹አትጠጪ› የሚለው? ሲጠፋ ቢል አይሻልም?»

«ሲጠፋማ ጾም አይባልም፣ ረሃብ ነው» ትላታለች እናቴ።

እትዬ ቃባሌ ወተቱን መልሳ እየሸከፈች፣ ጾሙ ሲፈታ የመጀመሪያው የእናንተ ነው ብላ ትሄድ ነበር፤ በገና ዕለትም ቃሏን ትጠብቃለች።

በኬንያ በኩል ትምህርት ቤት የሚዘጋው በኅዳር ነው። ሥራ ፈትቼ ስለ ነበር አንድ ዓመት ከክፍል ጓደኛዬ ጋር እሑድ እሑድ ወደ ሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመርኩ። እዚያ መነኮሳይቶቹ ከለምለም ቅርንጫፍ ክብ ነገር ሠርተው ሻማዎች ተክለውበት ነበር፤ በመጀመሪያው እሑድ አንዱ ይበራል፣ በሚቀጥለው ሌላ ይጨመራል፣ ገናቸው ሲደርስ ሁሉም ይበራሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ለእናቴ ነገርኳት። በጾም ወራት የሰው ቤተ ክርስቲያን ምን ልታደርጊ ሄድሽ ብላ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን የምትለቅመውን ምስር አቁማ ለምን በየእሑዱ አንድ እንደሚጨምሩ ጠየቀችኝ። መነኩሲቷ በስዋሂሊ ያለችንን መለስኩላት፤ ዓለም በጨለማ እየጠበቀ ነው፣ የሚመጣው እየቀረበ ሲሄድ ብርሃኑ ይጨምራል።

«እኛም እኮ አለን» አለች እናቴ። ከገና በፊት ያሉት እሑዶች ስም እንዳላቸው ያን ዕለት ነው የነገረችኝ፤ ስብከት ነቢያቱ ይመጣል ብለው የተናገሩበት፣ ብርሃን በጨለማ ሆነው ብርሃንህን ላክልን ብለው የለመኑበት፣ ኖላዊ እረኛ እንዳጣ መንጋ ሆነው እረኛቸውን የጠበቁበት። የሚሲዮኑ ሻማዎች በርተው ሊያልቁ ሲሉ የእኛዎቹ እሑዶች ይጀምራሉ። ሻማ አልነበረንም። እናቴ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፋኖስ፣ ቀጥላ የጓሮውን በር አየች፤ በማግስቱ እትዬ ቃባሌ ወተት ሳትሸጥልን መልእክት ብቻ ይዛ ወረደች።

በስብከት እሑድ፣ ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ እናቴ የፋኖሱን ብርጭቆ በአመድና በጨርቅ ወልውላ፣ ክሩን በመቀስ አስተካክላ፣ ከጓሮው በር በላይ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። በእኛ በኩል በየጓሮው ኩራዝ ስለሚበራ እታለም የእኛን እንድትለይ፣ እኔ ሣጥን ላይ ቆሜ በድስት ክዳን ብርሃኑን ሸፈን ገለጥ እንዳደርግ አዘዘችኝ። አደረግሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ብርሃን ጠፋች፣ በራች፣ እንደገና ጠፍታ በራች። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማ ቀረች። ዳዊት እታለምን ሽሮ ስትሠራ አየኋት ብሎ ማለ።

«ጨው አነሰው?» አለው አባቴ።

«አላነሰውም።»

እየሳቅን ሳለ በመንገዱ የሚያልፍ አንድ አስካሪ፣ የኬንያ ፖሊስ፣ ወደ ጓሮው ብቅ ብሎ መብራቱ የምን እንደ ሆነ ጠየቀ። እናቴ ባላት ስዋሂሊ የጸሎት ነው አለችው፤ ቆቡን አስተካክሎ ሄደ። በዚያ ሳምንት እትዬ ቃባሌ መጥታ በትሯን ተደገፈችና «እህትሽ እንዲህ አለ፤ ‹ክዳን የያዘችው ልጅ እጇ ይፈጥናል፤ ብርሃኑ እንደ ፍየል ግልገል ይዘላል። ቀስ ትበል›» ብላ አደረሰች። በብርሃንም በኖላዊም ቀስ አልኩ፤ በሁለቱም ማዶ ያለችው ብርሃን መለሰች። በልጅነቴ እንደዚያ ዓመት የተደሰትኩበት ገና አላስታውስም።

ከገና በኋላ ነፋሱ ይመጣል፤ አቧራው ከውኃ ጫኝ አህዮች ጋር በየበሩ ይገባ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ትልቁ ዝናብ ይጥልና ወንዙ ቡናማ ውኃ ይሞላል፣ እትዬ ቃባሌ ለቀናት ትጠፋለች፣ አባቴም በኦቦ መንገድ የተቀረቀረ ሎሪ ሲያስወጣ ውሎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይገባል። በሰኔና በሐምሌ ዝናብ የሌለው ደመና ኮረብታዎቹን ሲሸፍን ማዶ ከዓይናችን ይሰወር ነበር። በዚያ ዓመት ደመናው ሲነሳ ማዶ የነበረው ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀን። በወዲያ አገር ጦርነት ተነሥቷል፣ ወታደር የጫኑ መኪናዎች ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ አንዳንድ ቀን ተኩስ ከሩቅ ይሰማል። የሎሪ ሾፌሮቹ ለአባቴ እንደ ነገሩት ማዶ ሲመሽ መብራት ማብራት ተከልክሎ ነበር።

ትንሹ ዝናብ በዚያ ዓመት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጾሙ ገብቶ ስብከት እሑድ ሲደርስ እናቴ ፋኖሱን አውርዳ ብርጭቆውን መወልወል ጀመረች፤ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጥቂት አያት።

«አስካለ፣ ዘንድሮ ይቅር።»

«በዚህ በኩል የከለከለን የለም» አለችው። «እሷ አትመልስም፣ መከልከሉን ታውቃለች። እኔ የማበራው እንድታየኝ ነው።»

አባቴ አልተከራከረም። በዚያ እሑድ ክዳኑን እንደ ተማርኩት ቀስ እያልኩ አነሣሁ፣ አወረድኩ፤ ማዶው ኮረብታ ግን ሰው እንደማይኖርበት ጥቁር ሆኖ ቀረ። እናቴ ልክ ናት አልን። ብርሃን እሑድ ግን፣ ክዳኑን አንሥቼ ሳልጨርስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ በነበረው ጥቁረት ውስጥ አንዲት ትንሽ ብርሃን በራች፣ ቀስ ብላ ጠፋች፣ ቀስ ብላ በራች። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሌላ ምንም አልነበረም። ዳዊት አጨበጨበ፣ እኔ ሳቅሁ፣ እናቴ አፏን በእጇ ከድና በሹክሹክታ እልል አለች። አባቴ ብቻ «አውርጂው፣ አሁኑኑ አውርጂው» አለ።

«ጥቂት ይቆይ» አለች እናቴ። ጥቂት ቆየ፤ ማዶ ያለችውም አብራን ቆየች።

በሳምንቱ አጋማሽ እትዬ ቃባሌ መጥታ በትሯን ተደግፋ ቆመች። «እህትሽ እንዲህ አለ» እስክትል ጠበቅን፤ አላለችም።

«መልእክት የለም» አለች። «እህትሽን ወሰዱት።»

የአብዮት ጥበቃዎች ወደ ኬንያ እየጠፋች የምትበራ ብርሃን አይተው፣ ለጠላት ምልክት ትሰጫለሽ ብለው፣ እታለምን ከነፋኖሷ ወደ ቀበሌ ወስደዋታል። ከዚያ ወዲያ እትዬ ቃባሌ የምታውቀው አልነበረም። ሣሩ ስላለቀባት ከብቶቿን ይዛ በማግስቱ ወደ ኦቦ እንደምትወጣም ነገረችን። አልተቀመጠችም፣ ውኃም አልጠጣችም፤ መልእክት ሳይኖር መቀመጥ በደንቧ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ኖላዊ እሑድ ሲመሽ ለእራት የቤቱን ፋኖስ አብርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እናቴ ምንም ሳትናገር አንሥታው ወደ ጓሮ ወጣች፣ ማዶውን አየች፣ ብርጭቆውን ከፍታ እፍ አለችው። የክሩ ሽታ እኔ እስከ ቆምኩበት በር ድረስ መጣ። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አባቴ ወጥቶ ያሰሯት እነሱ ናቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም አላት።

«‹ይቅር› ብለኸኝ ነበር» አለችው።

አባቴ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከመጀመሪያውም ወንዙን የተሻገርነው በእሱ ምክንያት መሆኑን እያሰበ እንደ ነበር ከብዙ ዓመት በኋላ ነግሮኛል። እኔ በበኩሌ የሻማውን ወሬ ከሚሲዮኑ ያመጣሁት እኔ መሆኔን አስብ ነበር። ማንም አላነሣብኝም፤ ቢያነሡብኝ ይቀልለኝ ነበር። በዚያች ጓሮ ውስጥ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ይዘን በጨለማ ተቀመጥን፣ ዳዊት ብቻ እራት ጠየቀ።

ገና ደርሶ ጾሙ ሲፈታ አባቴ ከሌላ ሴት ወተት ገዝቶ መጣ። እናቴ ለእኛ ቀድታ የራሷን ብርጭቆ ባዶውን አስቀመጠች፤ በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ፤ እንደ ጾመች ዓመቱን አለፈችው። ከጥምቀት በኋላ አንድ የከባድ መኪና ረዳት ሴትየዋ ተፈትታለች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስታነክስ አይቻታለሁ አለን። ከዚያ ሌላ ቃል አልደረሰንም፤ እትዬ ቃባሌ ከኦቦም አልፋ ወደ ኡራን ሄዳለች ይባል ነበር፣ ሌላ ሰው ለመላክ ደግሞ እናቴ የምታምነው አልነበራትም። በጓሮው መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ቸንክራ ሰቀለች፣ ሲመሽ የቤታችን ብርሃን በቀዳዳ እንኳ ወደ ማዶ እንዳያመልጥ። ነፋሱ መጣ፣ ትልቁ ዝናብ መጣ፣ ደመናው መጣ፤ ዓመቱን ጀርባችንን ለማዶ ሰጥተን ኖርን። ደወሉ ሲሰማ እናቴ ባለችበት ሆና ታማትባለች እንጂ ወደ ጓሮ አትወጣም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ትንሹ ዝናብ በረታ፣ ጦርነቱም ከአካባቢው ራቀ ተባለ። ጾሙ ገባ፤ ስብከት እሑድ ያለ ፋኖስ አለፈ። በዚያው ሳምንት ከሰዓት በኋላ እትዬ ቃባሌ ከስታ፣ ፀሐይ አጥቁሯት፣ በጓሮው በኩል ገባችና በትሯን ተደግፋ ቆመች። እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ከነአረፋው ተነሥታ ቆመች።

«እህትሽ እንዲህ አለ» አለች እትዬ ቃባሌ፣ ከዚያም ዓይኗን ከአንድ ቦታ ሳትነቅል በእታለም አማርኛ ቀጠለች። «‹ለምን አጠፋችሁብኝ? ቀበሌው ሲያስጨንቀኝ፣ ማዶ ያለው ፋኖስ የእህቴ ነው ብዬ ተናገርኩ። ከኖላዊ በፊት ለቀቁኝ። በኖላዊ ወጥቼ ባይ ጨለማ ነው። እኔ በአፌ አሳልፌ ሰጥቻቸው በዚያም በኩል ያዟቸው ብዬ ዓመቱን አለቀስኩ። በሕይወት ካላችሁ ስቀሉት። አትሸፍኑት፣ አትግለጡት፤ እኔም አልመልስም። ዝም ብሎ የተሰቀለ ፋኖስ ማንንም አያስከስስም። የወሰዱት ፋኖሴን ነው፣ ዓይኔን አልወሰዱም።›»

ጨርሳ ተቀመጠችና ውኃ ጠየቀች። እናቴ ግን ቆማ ቀረች፤ ኋላ ላይ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እኔ ውኃውን ይዤ ቆሜ የሰማሁትን በአእምሮዬ ማመላለስ ያዝኩ። ትይዩ በሆኑ ሁለት ኮረብታዎች ላይ ሁለት እህትማማቾች፣ እያንዳንዷ ሌላዋን እኔ አጠፋኋት ብላ ዓመት ሙሉ ተቀምጠዋል። ይባስ ብሎ እናቴ እህቴን አድናለሁ ብላ ያጠፋችው ፋኖስ ነበር በእታለም ላይ ያጨለመባት። ቀበሌው የያዛት ለጥቂት ቀን ነበር፤ ዓመቱን የጨመርንባት እኛ ነበርን።

እትዬ ቃባሌ ውኃዋን ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችልኝና እናቴን አየቻት። የወተቱን ነገር አባቴ መንገድ ላይ ነግሯት ኖሯል።

«አሁን ጾም ነው፣ አውቃለሁ» አለች። «ሲፈታ አመጣለሁ። ትጠጪያለሽ።»

«እጠጣለሁ» አለች እናቴ።

ብርሃን እሑድ ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ወረደ። እናቴ ብርጭቆውን ወለወለች፣ ክሩን አስተካከለች፣ ሚስማሩ ዝጎ ስለ ነበር አባቴ አዲስ መታላት። ፋኖሱ ተሰቀለ። እኔ በልማድ የድስቱን ክዳን ይዤ ወጥቼ ነበር፤ እናቴ ከእጄ ተቀብላ ወስዳ ድስቱ ላይ መለሰችው። ከዚያ ሁላችንም ቆመን ማዶውን አየን። ምንም አልነበረም፤ ኮረብታው ጥቁር ነበር፣ ጉልላቱ እንኳ አይለይም። ብርሃናችን በእኛ በራሳችን ፊት ላይና በአጥሩ እንጨቶች ላይ ብቻ ያርፍ ነበር።

«አሁን ታየናለች?» አለ ዳዊት።

«ታየናለች» አለች እናቴ።

«በምን አወቅሽ?»

እናቴ ቀና ብላ ፋኖሱን አየችው። «አላውቅም» አለችው ኋላ። «ስቀሉት ብላለች።»

ላምባው እስኪያልቅ ድረስ አላወረደችውም። በኖላዊም እንዲሁ ሆነ፣ በሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በነበሩትም ዓመታት፤ የፈረንጆቹን ሰማንያዎች በሙሉ መልስ የማይጠብቅ ፋኖስ ስንሰቅል አሳለፍናቸው። ገና ሲደርስ እትዬ ቃባሌ ወተቷን ታመጣለች፣ እናቴ እፊቷ ትጠጣለች፣ እትዬ ቃባሌም ብርጭቆው ባዶ መሆኑን ሳታይ አትሄድም ነበር።

ማዶ ያለው አገዛዝ ሲለወጥ እኔ የጋዜጣ ሥራ ጀምሬ ነበር። ወንዙን መልሰን በእግራችን ተሻገርን፤ ያን ሁሉ ዓመት የፈራነው መንገድ አጭር ነበር። እናቴና እታለም ምን እንደ ተባባሉ አልጽፍም፣ ብዙም አልተነጋገሩም። በመጀመሪያው ምሽት እኔ እታለም ታየው የነበረውን ለማየት ፈልጌ በጓሮ በሯ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሚታየው የጎረቤት ጣሪያ ብቻ ነበር። የእኛን ግድግዳ ለማየት ድንጋያማውን ዳገት እስከ አጥሩ ጥግ መውጣትና የአጥሩን ምሰሶ ይዞ መቆም ያስፈልግ ነበር። ምሰሶው በሰው ደረት ከፍታ ላይ እጅ እያሻሸው ለስልሷል። እታለምን ጠየቅኋት።

«ተቀምጬማ አይታይም» አለችኝ፣ አለማወቄ ገርሟት።

እኛ ፋኖሱን ሰቅለን ወደ እራታችን ስንገባ እሷን ሁልጊዜ ተቀምጣ ነበር የምናስባት። በዚያ ዳሌዋ ቆማ እንደ ነበር ማናችንም ሳናስበው ላምባው እስኪያልቅ እንተወው ነበር፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ የሆነውን አልረሳውም።

እታለም አሁን በዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አርፋለች። እናቴ አርጅታ በኬንያው በኩል በዚያው ቤት ትኖራለች፤ የጭቃው ግድግዳ ብሎኬት ሆኗል፣ ድንበሩንም ወረቀት አስመትቶ በቀን ሁለት ጊዜ መመላለስ ይቻላል። ባለፈው ጾም ሄጄ ነበር። ብርሃን እሑድ አመሻሽ ላይ ተሻግሬ ወደ እታለም ጓሮ ወጣሁና የአጥሩን ጥግ ያዝኩ። ያኔ በጥቁሩ ኮረብታ ላይ አንዲት ፋኖስ ትበቃ ነበር፤ አሁን ሁለቱም ኮረብታዎች ከላይ እስከ ታች በኤሌክትሪክ ይበራሉ፣ የነዳጅ ማደያው፣ ሱቆቹ፣ የመንገዱ አምፖሎች። እናቴ አሁንም ፋኖሱን ከአምፖሉ ሥር እንደምትሰቅለው አውቃለሁ። ለረጅም ጊዜ ፈለግሁት።

ስልኬ ጮኸ።

«አየሽው?» አለች።

በሥራዬ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም።

«አየሁት፣ እማ።»

ጥቂት ዝም አለች። ስኳር ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የነበረውን ዝምታ መሰለኝ።

«ቆመሽ ነው?» አለችኝ።

«ቆሜ ነው» አልኳት። ይኼኛው እውነት ነበር።